የፕሮግራም ቋንቋ መሠረተ ሐሳቦች እንዴት ተገኙ፣ እንዴትስ ተጠኑ

የፕሮግራም ቋንቋዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከሥራቸው ያሉት ሐሳቦች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስምና ዋጋ፣ ፋንክሽን፣ የስም ወሰን፣ ዓይነት፣ ድግግሞሽ፤ ፕሮግራም ጸሐፊ በየትኛውም ቋንቋ ቢሠራ ከእነዚህ አያመልጥም። ሐሳቦቹ በአንድ ጊዜ አልተወለዱም፣ በአንድ ሰውም አልታሰቡም። አብዛኞቹ መጀመሪያ በማሽን ላይ ያጋጠመ የሥራ ችግር ለመፍታት የተዘየዱ ብልሃቶች ነበሩ፤ ምንነታቸው የተመረመረውና ስም የወጣላቸው ከዓመታት በኋላ ነው። ከሁሉም በላይ ያስቸገረው ደግሞ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ሆኖ ተገኘ፦ በፕሮግራም ውስጥ የተጻፈ ስም የሚያመለክተው ቦታን ነው ወይስ በቦታው ያለውን ዋጋ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ኮምፒውተር ከመሠራቱ ከመቶ ዓመት በፊት ብቅ ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ አናሊቲካል ኤንጂን ያለውን የስሌት ማሽን ነደፈ፤ ማሽኑ ግን ሳይሠራ ቀረ። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ሉዊጂ ሜናብሬያ በ1842 ስለ ንድፉ በፈረንሳይኛ ጽሑፍ አሳተመ። ኤዳ ላቭሌስ ጽሑፉን በ1843 ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ ከዋናው የሚረዝሙ ማስታወሻዎች አከለችበት። በመጨረሻው ማስታወሻ ላይ ማሽኑ የቤርኑሊ ቁጥሮች የሚባሉትን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚያሰላ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ፤ ከእርምጃዎቹ አንዳንዶቹ ተመልሰው የሚደገሙ ናቸው። በሠንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ የቁጥር ማስቀመጫ የራሱ ምልክት ተሰጥቶታል፤ ከምልክቱ በስተግራ ከፍ ብላ የተጻፈችው ትንሽ ቁጥር ደግሞ በዚያ ቦታ ያለው ዋጋ ስንተኛ ጊዜ እንደተቀየረ ትናገራለች። በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ፊደል በስሌቱ መጀመሪያ የያዘውን ዋጋ እስከ መጨረሻው ይዞ ይዘልቃል። በማሽን ውስጥ እንዲህ አይደለም፤ ቦታው ያው ሆኖ ዋጋው በየእርምጃው ይለወጣል። ያች ትንሽ ቁጥር ይህን ልዩነት በጽሑፍ ለመያዝ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዷ ናት።

በ1936 ጉዳዩ በሁለት አቅጣጫ ተከፈለ። በአሜሪካ ፕሪንስተን የነበረው አሎንዞ ቸርች ላምዳ ካልኩለስ ባለው ሥርዓቱ ማንኛውንም ስሌት በፋንክሽን ብቻ መግለጽ እንደሚቻል አሳየ። በዚህ ሥርዓት የሚቀየር ቦታ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ፋንክሽንን በሌላ ነገር ላይ ማዋልና ስምን በዋጋው መተካት ብቻ ነው። በእንግሊዝ ካምብሪጅ የነበረው ወጣቱ አለን ቱሪንግ በዚያው ዓመት ያቀረበው ማሽን ደግሞ በተቃራኒው ሥራው ሁሉ ቦታ መለወጥ ነው፤ በረጅም ጥብጣብ ላይ ምልክት እያነበበ፣ እየፋቀና እየጻፈ ይሄዳል። ሁለቱ መንገዶች ማስላት የሚችሉት ነገር ፍጹም አንድ መሆኑን ቱሪንግ ራሱ አረጋገጠ። እኩል ኃይል ያላቸው ይሁኑ እንጂ አስተሳሰባቸው የተለያየ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት የፕሮግራም ቋንቋዎች ታሪክ በአመዛኙ የእነዚህ የሁለቱ መለያየትና መገናኘት ታሪክ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀርመናዊው ኮንራድ ሱዘ ፕላንካልኩል የተሰኘ ቋንቋ በወረቀት ላይ ነድፎ ነበር። ቋንቋው ሁኔታን ማመዛዘን፣ ድግግሞሽና የተደራጀ ውሂብ ነበረው፤ ለጊዜው እጅግ የቀደመ ሥራ ነው። ነገር ግን ሙሉ ጽሑፉ የታተመው በ1972 በመሆኑ ከእሱ በኋላ የመጡት ሰዎች ብዙውን እንደገና ከባዶ ማሰብ ነበረባቸው።

ኤድሳክ የተባለው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር በሜይ 1949 ሥራ ሲጀምር ችግሩ ከወረቀት ወደ እጅ መጣ። የቡድኑ መሪ ሞሪስ ዊልክስ ከቀሪ ሕይወቱ ብዙው የራሱን ፕሮግራሞች ስሕተት በመፈለግ እንደሚያልፍ በዚያ ሰሞን እንደተገለጠለት ኋላ ላይ ጽፏል። ስሕተትን ለመቀነስ የተገኘው መላ አንድ ጊዜ ተጽፎ የተፈተነ የስሌት ክፍልን ደጋግሞ መጠቀም ሆነ፤ ንዑስ ፕሮግራም የሚባለው ይህ ነው። ዴቪድ ዊለር መላውን በሥራ ላይ አዋለው። አስቸጋሪው ነገር ንዑስ ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ጠራው ቦታ እንዴት ይመለሳል የሚለው ነበር። ዊለር ንዑስ ፕሮግራሙ ገና ሲጀምር የመመለሻውን አድራሻ በራሱ የመጨረሻ ትእዛዝ ላይ እንዲጽፍ አደረገ። ብልሃቱ ሠራ፤ ዊልክስ፣ ዊለርና ስታንሊ ጊል በ1951 ያሳተሙት መጽሐፍም ዘዴውን በዓለም አሰራጨ። አንድ እንከን ግን ነበረበት። መመለሻው የሚጻፍበት ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ ንዑስ ፕሮግራሙ ሥራውን ሳይጨርስ ራሱን ቢጠራ የመጀመሪያው አድራሻ በሁለተኛው ይሰረዛል፤ መመለሻም ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ራሱን የሚጠራ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ሰው ስላልነበረ ነገሩ እንደ ጉድለት አልተቆጠረም።

ቀጣዩ እርምጃ ማሽኑ ራሱ ተርጓሚ እንዲሆን ማድረግ ነበር። ግሬስ ሆፐር በ1952 ኤ ዜሮ የተባለውን ሥራ አቀረበች፤ የእሷ ጥረት በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፈውን፣ ለንግድ ሥራ የታሰበውን ኮቦልን ለመውለድ በቃ። በአይቢኤም የነበረው ጆን ባከስ ደግሞ በ1953 መጨረሻ የሒሳብ ቀመርን እንዳለ ተቀብሎ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልስ ሥርዓት እንዲሠራ ለአለቆቹ ሐሳብ አቀረበ። ሥራው ያልቃል ከተባለበት ጊዜ እጅግ ዘገየ፤ ፎርትራን ለአይቢኤም 704 ተጠቃሚዎች የደረሰው በኤፕሪል 1957 ነው። የዘመኑ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ማሽን የሚያወጣው ትእዛዝ በእጅ ከተጻፈው እኩል ፈጣን ሊሆን አይችልም ብለው ያምኑ ስለነበር የባከስ ቡድን ትኩረቱን በሙሉ በተርጓሚው፣ ማለትም በኮምፓይለሩ፣ ጥራት ላይ አደረገ። ቋንቋው ራሱ እግረ መንገድ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስማቸው ከአይ እስከ ኤን ባሉት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ተለዋዋጮች ሙሉ ቁጥር፣ ሌሎቹ ባለ ነጥብ ቁጥር ይይዛሉ የሚለው ሕግ ለአጻጻፍ ምቾት የወጣ ነው፤ ዓይነት የሚባለው ሐሳብ ወደ ቋንቋ የገባው እንዲህ ባለ ቀላል በር ነበር። በፎርትራን እያንዳንዱ ተለዋዋጭ በሜሞሪ ውስጥ አንድ ቋሚ ቦታ ስላለው የዊለር እንከን እንደነበረ ቀጠለ።

እንከኑን ያስወገደው ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ሰው ነው። ጆን መካርቲ በ1958 በኤምአይቲ ሊስፕን ሲጀምር ፍላጎቱ ቁጥር ማስላት ሳይሆን ስለ ምልክቶችና ስለ ዝርዝሮች ማሰብ የሚችል ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ዝርዝር በውስጡ ሌላ ዝርዝር ሊይዝ ይችላልና እሱን የሚመረምር ፋንክሽንም ራሱን መጥራት አለበት። መካርቲ የቸርችን አጻጻፍ ተዋሰ፤ በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ማንኛውንም የሊስፕ ፕሮግራም አስልቶ ውጤቱን የሚሰጥ አንድ ፋንክሽን በሊስፕ ራሱ ጻፈ። ዓላማው ቋንቋው የቱሪንግን ማሽን ሥራ በአጭሩ መግለጽ እንደሚችል ማሳየት ነበር። ባልደረባው ስቲቭ ራስል ግን ፋንክሽኑን ወደ አይቢኤም 704 ትእዛዝ በእጁ መልሶ አስገባው፤ በወረቀት ላይ የነበረው ፍቺ በአንድ ጊዜ የሚሠራ ማሽን ሆነ። አንድ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ በራሱ ቃል ሲናገር የታየው ያኔ ነው። አገልግሎታቸውን የጨረሱ የሜሞሪ ቦታዎችን ኮምፒውተሩ ራሱ ለይቶ እንዲመልስ የሚያደርገው ዘዴም ከዚሁ ሥራ የተገኘ ነው።

ሊስፕ ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ፋንክሽን ለሌላ ፋንክሽን ተላልፎ ሲሰጥ በውስጡ ያሉት ስሞች ዋጋቸውን የሚያገኙት ከተጻፉበት ቦታ ሳይሆን በኋላ ከተጠሩበት ቦታ ሆነ። መካርቲ ይህን ራስል ቶሎ የሚያርመው ተራ ስሕተት አድርጎ እንደወሰደው ኋላ ላይ ተናግሯል። ነገሩ ተራ አልነበረም። ስም ወሰኑ የት ድረስ ነው የሚለው ጥያቄ ለሚቀጥሉት 15 ዓመታት አከራካሪ ሆኖ ቆየ።

በጃንዋሪ 1960 ከሰባት አገሮች የተውጣጡ 13 ሰዎች በፓሪስ ተሰብስበው አልጎል 60 የተባለውን ቋንቋ አጸደቁ። ዴንማርካዊው ፒተር ናውር ያዘጋጀው ዘገባ ጥቂት ገጾች ያሉት ጽሑፍ ቢሆንም በመስኩ ታሪክ ከእሱ የሚስተካከል ሰነድ ማግኘት ያስቸግራል። የቋንቋው ሰዋስው ባከስ ባፈለቀውና ናውር ባሻሻለው ጥብቅ የአጻጻፍ ሥርዓት ተገለጠ፤ የትኛው ዓረፍተ ነገር ትክክል፣ የትኛው ስሕተት እንደሆነ መከራከር ቀረ። ስም በታወጀበት ክፍል ውስጥ ብቻ እንዲታወቅ የሚያደርገው የብሎክ አደረጃጀትም ከዚህ መጣ። በአልጎል ፕሮሲጀር የሚባለው ንዑስ ፕሮግራም ራሱን መጥራት እንዲችልም ተፈቀደ፤ ይህ በመጨረሻ ሰዓት ከአምስተርዳም በተደረገ የስልክ ጥሪ የተጨመረ ነው። ጠሪዎቹ አድሪያን ቫን ቬይንጋርደንና ኤድስኸር ዳይክስትራ ነበሩ። ዳይክስትራ ከያፕ ዞንቬልድ ጋር በዚያው ዓመት ኦገስት የሚሠራ ኮምፓይለር አደረሰ። እያንዳንዱ ጥሪ ስታክ በሚባለው ተደራራቢ የሜሞሪ ክፍል ላይ የራሱን አዲስ ቦታ ስለሚያገኝ የመመለሻ አድራሻ መሰረዝ በአልጎልም ችግር መሆኑ ቀረ።

አልጎል ሰዋስውን አጥርቶ ቢያስቀምጥም ፍቺው በተራ እንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ ጉድለቱም ብዙም ሳይቆይ ታየ። ዶናልድ ክኑዝ በ1964 ኮምፓይለሮችን የሚፈትን አጭር የአልጎል ፕሮግራም አቀረበ። ፕሮግራሙ ራሱን ደጋግሞ ይጠራል፤ በየጥሪው የሚወሰኑ ስሞችም አሉበት። ክኑዝ ውጤቱን በእጁ ገምቶ −121 ይሆናል አለ፤ ትክክለኛው መልስ ግን −67 ነበር። እንደ ክኑዝ ያለ ሰው በጥቂት መስመሮች ላይ ይህን ያህል ከተቸገረ፣ ሰዋስውን ማወቅ ብቻውን ቋንቋን ማወቅ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

የፍቺን ጥያቄ የሕይወቱ ሥራ ያደረገው ሰው ክሪስቶፈር ስትሬቺ ነው። በ1916 በለንደን ከታወቀ የምሁራን ቤተሰብ ተወለደ፤ ካምብሪጅ ተምሮ ሲያበቃ ሃሮው በተባለው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በእረፍት ጊዜው ለማንቸስተር ኮምፒውተር የዳማ ጨዋታ ፕሮግራም ጻፈ፤ ማሽኑ የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር እንዲያሰማም አደረገ። ከዚያ በኋላ ማስተማሩን ትቶ ወደ ኮምፒውተር ሥራ ገባ። ላምዳ ካልኩለስን እንዲመለከት የጠቆመው የሒሳብ ሊቁ ሮጀር ፔንሮዝ ነበር። ስትሬቺ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በግሉ አማካሪ ሆኖ ሲሠራ ፒተር ላንዲን የተባለ ረዳት ቀጠረ፤ ላንዲን በቅጥሩ ዘመን ጊዜውን በከፊል የሰጠው የፕሮግራም ቋንቋዎችን በቸርች ሥርዓት ለመተንተን ነው። በ1964 ያሳተመው ጽሑፍ ፋንክሽንን ከተወለደበት የስሞች አካባቢ ጋር አንድ ላይ አስሮ መያዝ እንደሚገባ አሳየ፤ ለዚህ ጥምረት ክሎዠር የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። ይህ ለሊስፕ ችግር ትክክለኛው መልስ ነበር። ስትሬቺ ራሱ ካምብሪጅና ለንደን በጋራ ሲፒኤል የተባለ ትልቅ ቋንቋ ሲነድፉ ዋና ተሳታፊ ሆነ። ሲፒኤል ከታሰበለት ፍጻሜ ባይደርስም በነደፋው ወቅት የተነሡት ጥያቄዎች ከቋንቋው ዕድሜ በላይ ቆዩ።

በኦገስት 1967 በኮፐንሃገን ዓለም አቀፍ የክረምት ትምህርት ተዘጋጀ። በዚያን ጊዜ በኦክስፎርድ የፕሮግራም ምርምር ቡድንን ይመራ የነበረው ስትሬቺ የተሰጠው ርዕስ በቀጥታ የፕሮግራም ቋንቋዎች መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች የሚል ነበር። አንድን የተለየ ቋንቋ አላስተማረም። ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚጽፋቸውን ነገሮች እያነሣ ምን ማለት እንደሆኑ ጠየቀ።

የጀመረው ለተለዋዋጭ ዋጋ ከሚሰጠው ትእዛዝ ነው። «ደመወዝ := ደመወዝ + 500» የሚል መስመር ቢጻፍ ደመወዝ የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ ሥራው ግን አንድ አይደለም። በቀኝ ያለው በቦታው የተቀመጠውን ቁጥር ይጠይቃል፤ በግራ ያለው አዲሱ ቁጥር የሚቀመጥበትን ቦታ ያመለክታል። ስትሬቺ አንደኛውን የቀኝ ዋጋ፣ ሁለተኛውን የግራ ዋጋ አላቸው። በኤዳ ላቭሌስ ሠንጠረዥ ላይ በትንሽ ቁጥር የተመለከተው ነገር ግልጽ ስምና ሕግ አገኘ። ከዚህ ልዩነት ብዙ ነገር ይፈታል። ፋንክሽን ሲጠራ የሚተላለፍለት የቀኝ ዋጋ ከሆነ በውስጡ የሚደረገው ለውጥ ውጭ ያለውን አይነካም፤ የግራ ዋጋ ከሆነ ግን ይነካዋል። ክሎዠርም ከአካባቢው የሚይዛቸውን ስሞች በዋጋቸው ወይም በቦታቸው ሊይዝ ይችላል፤ ሁለቱ የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ። ሲ ፕላስ ፕላስ በ2011 ስም የሌላቸው ፋንክሽኖችን ሲቀበል ፕሮግራም ጸሐፊው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልግ በምልክት እንዲገልጽ ያስገደደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የፋንክሽንን መብት መረመረ። በአልጎል ቁጥር በተለዋዋጭ ይቀመጣል፣ ለሌላ ይተላለፋል፣ የስሌት ውጤት ሆኖ ይመለሳል። ፕሮሲጀር ግን ሊተላለፍ እንጂ ውጤት ሆኖ ሊመለስ ወይም በተለዋዋጭ ሊቀመጥ አይችልም። ስትሬቺ ቁጥሮችን የአንደኛ፣ ፕሮሲጀሮችን የሁለተኛ ደረጃ ዜጎች ብሎ ለያቸው፤ ልዩነቱ የልማድ እንጂ የግድ አለመሆኑንም አስረዳ። የዛሬ ፕሮግራም ጸሐፊ ፋንክሽንን በዝርዝር ውስጥ ሲያስቀምጥ ወይም ከሌላ ፋንክሽን ሲቀበል የሚጠቀመው ያኔ የተጠየቀውን መብት ነው።

ከንግግሮቹ እጅግ ዘላቂ የሆነው ክፍል ስለ ዓይነት የተናገረው ሳይሆን አይቀርም። የመደመር ምልክት ለሙሉ ቁጥርም ለባለ ነጥብ ቁጥርም ይሠራል፤ ይሁንና ማሽኑ ውስጥ ለሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ይከናወናሉ፤ አንድ የሚያደርጋቸው ምልክቱ ብቻ ነው። የአንድን ዝርዝር ርዝመት የሚቆጥር ፋንክሽን ግን ዝርዝሩ የቁጥር ይሁን የስም፣ ያው አንድ ሥራ ያለ ምንም ለውጥ ይበቃዋል። ስትሬቺ የመጀመሪያውን አድ ሆክ፣ ሁለተኛውን ፓራሜትሪክ ፖሊሞርፊዝም አላቸው። ሁለተኛው ጥልቅ ሕግ ያለው መሆኑን አይቶ ነበር፤ ሕጉን እስከ መጨረሻው ለመተንተን ግን ጊዜው ገና ነበር። የንግግሮቹን ማስታወሻም ለኅትመት አላበቃም፤ ጽሑፉ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ።

በዚያው በ1967 ኖርዌያውያኑ ኦለ ዮሐን ዳልና ክሪስተን ኒጎር ሲሙላ 67ን ይፋ አደረጉ፤ ክላስና ውርስ የሚባሉት ሐሳቦች ከዚያ የተገኙ ናቸው። ዳይክስትራ በማርች 1968 በታተመ ደብዳቤው ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዘልለውን ጎ ቱ የተባለ ትእዛዝ ተቃወመ። ቶኒ ሆር በ1969 ፕሮግራም ትክክል መሆኑ በሒሳብ ማስረጃ የሚረጋገጥበትን ሕግ አቀረበ። ሲፒኤልም ሳይታሰብ ዘር ተወ፤ ማርቲን ሪቻርድስ ከእሱ ቀንሶ ቢሲፒኤልን ሠራ፣ ኬን ቶምፕሰን ከዚያ ቢን አወጣ፣ ዴኒስ ሪቺ ቢን አሻሽሎ በ1972 ገደማ ሲን አደረሰ።

ስትሬቺ ግን አንድ ሸክም ነበረበት። ፍቺዎቹን የጻፈው በላምዳ ካልኩለስ ነው፤ ዓይነት የማይለይ ላምዳ ካልኩለስ ግን ፋንክሽን በራሱ ላይ እንዲውል ስለሚፈቅድ ምልክቶቹ የሚያመለክቱት የሒሳብ ነገር መኖሩ አልተረጋገጠም ነበር። አሜሪካዊው ሎጂከኛ ዳና ስኮት በ1969 መጸው ኦክስፎርድ መጥቶ ከስትሬቺ ጋር ሲሠራ፣ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብሎ ይከራከር ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ግን እሱ ራሱ አገኘው። በ1971 ሁለቱ በጋራ ያወጡት ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የማያሻማ የሒሳብ ፍቺ የሚሰጥበትን መንገድ ከፈተ። ስትሬቺ በሜይ 1975 በ58 ዓመቱ ሞተ።

ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ እልባት አገኙ። በ1975 ጄራልድ ሰስማንና ጋይ ስቲል በኤምአይቲ ስኪምን ሲሠሩ ስም ወሰኑን የሚያገኘው ከተጻፈበት ቦታ እንዲሆን በማድረግ የሊስፕን አሮጌ ችግር ዘጉ። ሮቢን ሚልነር በ1978 ኤድንበራ ላይ ፓራሜትሪክ ፖሊሞርፊዝምን በጥብቅ ሕግ አስቀምጦ ኤምኤል በተባለው ቋንቋ ሠራበት፤ የኤምኤል ኮምፓይለር ፕሮግራም ጸሐፊው ምንም ሳይገልጽ ዓይነቶችን ራሱ ያገኛል። ከ1985 ጀምሮ ደግሞ የሰስማንና የሃሮልድ ኤብልሰን መማሪያ መጽሐፍ እነዚህን ሐሳቦች ከመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እጅ አደረሰ።

የኮፐንሃገን ማስታወሻ በመጨረሻ በ2000፣ ስትሬቺ በሞተ በ25ኛው ዓመት፣ ለመታሰቢያው በተዘጋጀ የጆርናል እትም ላይ ታተመ። ኢንዱስትሪው ሐሳቦቹን የተቀበለው ከዚያም ዘግይቶ ነው። ጃቫ ጀነሪክስ በሚል ስም ፓራሜትሪክ ፖሊሞርፊዝምን ያስገባው በ2004፣ ስም የሌላቸው ፋንክሽኖችን የጨመረው በ2014 ነው። ጎ የተባለው የጉግል ቋንቋ ጀነሪክስን ያገኘው በማርች 2022 በወጣው 1.18 እትሙ ነው።